ዱባና ቅል ለየቅል፦ ለቅርጽ፣ ለቀለምና ለወጥ የትኛው ዱባ ይገዛ?

የኦክቶበር ዱባ አሜሪካ የሚኖርን ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ያናድዳል። አንዴ፣ ልጆች ኦክቶበር 31 ለሚውለው ለሃሎዊን ግማሽ ቀን ደክመው የቀረጹት ፊት በአራተኛው ቀን ላሽቆ አፉ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ። ሁለተኛ፣ «እንዳይጣል» ተብሎ የተከተፈው ትልቅ ብርቱካናማ ዱባ ድስት ውስጥ ገብቶ ውኃ ብቻ ሲሆን። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ስህተት ነው፤ ዱባው የተገዛው ሥራው ሳይለይ ነው። ለቅርጽ ተመርጦ የተዳቀለ ዱባ ለወጥ አይሆንም። ለወጥ የሚጥመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅርፊቱ ለልጅ መጋዝ አይበገርም።

ስለዚህ ምርጫው ከመጨረሻው ይጀመራል። ይህ ዱባ ኖቬምበር ሲገባ የት ይሆናል? ድስት ውስጥ፣ ኮምፖስት ክምር ላይ፣ ወይስ አሁንም ደጃፍ ላይ? ይህ ከተወሰነ ዓይነቱም መግዣ ቦታውም ማስጌጫውም ብዙ አያከራክርም።

ጉቶውን እዩ

የገበያው ስም ብዙ ቢሆንም በዚህ ወቅት የሚሸጡት ዱባዎች በአብዛኛው ከሦስት ዘር አይወጡም። ለመለየት አናቱ ላይ የቀረውን ጉቶ ማየት ይበቃል።

ጉቶው እንጨት የመሰለ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያወጣና ሸንተረራም ከሆነ ፔፖ የሚባለው ዘር ነው። የሃሎዊኑ ብርቱካናማ ዱባ፣ ዙኪኒ፣ በመዳፍ የምትያዘው ትንሿ ዱባ ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ጉቶው ክብ ሆኖ ሲነኩት ቡሽ ቡሽ የሚል ከሆነ ማክሲማ ነው፤ ሥጋው ወፍራም፣ ለዓይንም ለድስትም የሚሆን። ጉቶው ጠንካራ ሆኖ ዱባውን የሚነካበት ጫፍ እንደ ዛፍ ሥር ወደ ጎን ከተዘረጋ ደግሞ ሞስካታ ነው። ከሦስቱ ረዥም ጊዜ የሚቀመጠው ይኸኛው ነው፤ ለወጥም አያሳፍርም።

ሦስቱም መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ነው፤ አገር ቤት የምናውቀው ዱባም ከነሱ ወገን ነው። ቅል ግን የአፍሪካ ተክል ነው። የዱባ ቢጫ አበባ ጠዋት ይፈካል፣ የቅል ነጭ አበባ ደግሞ ሲመሻሽ። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት በዕፅዋት ሳይንስም ቢመረመር ይቆማል ማለት ነው። ነገሩ ለግዢም ይጠቅማል፤ በዚህ ወቅት ከዱባዎቹ ጎን በቅርጫት የሚሸጡት ኪንታሮታም፣ ዝንጉርጉርና አንገተ ረዣዥም ጌጦች ለዓይን ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ኩኩርቢታሲን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር አላቸው፤ እሱም ያስታውካል፣ ሆድም ያስቀምጣል። ማንኛውም ዱባ ሲቀመስ ከመረረ ማጣፈጫ አትጨምሩበት። ተፉትና ድስቱን በሙሉ ድፉ፤ ምሬቱ በመቀቀል አይጠፋም።

የትኛው ዓይነት ለምን

ሃውደን፦ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጆን ሃውደን የተባለ ገበሬ መርጦ ያወጣው ዝርያ ነው። «የሃሎዊን ዱባ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መልክ የሱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ፓውንድ ይመዝናል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጉቶው ወፍራም ነው፣ መጋዝም በቀላሉ ይገባዋል። ሥጋው ግን ክር ክርና ውኃማ ነው። ለመቅረጽ ከዚህ የተሻለ አንፈልግም፤ ለወጥ ግን አትሞክሩት።

ሹገር ፓይ፦ ክብ፣ ትንሽ፣ ከ4 እስከ 8 ፓውንድ። ሥጋው ከሃውደን ይልቅ ልስልስና ጣፋጭ ነው። ለቅርጽ አይመችም፤ ሆዱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይዞርበትም፣ ግድግዳውም ወፍራም ነው። ለልጅ ቀለም ግን ልክ ነው፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ልትሠራበት ትችላለች።

ሲንደሬላ፦ ጠፍጣፋ፣ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ሸንተረሩ ጥልቅ የሆነ ማክሲማ። ከ15 እስከ 25 ፓውንድ ይደርሳል። ሁለትና ሦስት ዱባ ደራርቦ ደጃፍ ለማስዋብ ታችኛው እሱ ይሁን። ካልተቀባና ካልተቆረጠ ከወር በኋላ ወደ ማድ ቤት ይገባል። ግራጫ ሰማያዊው ጃራዴልም እንደዚያው ነው፤ ውስጡ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ሥጋው ወፍራም።

ሉሚና፦ ነጩ ዱባ። ለስላሳ ስለሆነ ለቀለምና ለጽሕፈት የሚወዳደረው የለም። ፀሐይ ላይ ከቆየ ግን ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ነጭነቱ ከተፈለገ ጥላ ሥር ይቀመጥ።

ሎንግ አይላንድ ቺዝ፣ በተርነት፣ ካቦቻ፦ የድስት ዱባዎች። የመጀመሪያው ክብ የአይብ ጥፍጥፍ ይመስላል፣ ቀለሙም እንደ ቆዳ ነው፤ ካልነኩት ለኖቬምበሩ ታንክስጊቪንግ ይደርሳል። ካቦቻ ደረቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው። አገር ቤት የሚያውቁትን፣ ሲበሉት አፍ የሚሞላውን ዱባ ለሚፈልግ ሰው አሜሪካ ገበያ ላይ ቅርቡ ካቦቻ ነው ብንል አንሳሳትም። በቆርቆሮ የሚሸጠው ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ በአብዛኛው ዲኪንሰን ከሚባል የሞስካታ ዝርያ ይሠራል፤ ኢሊኖይ ውስጥ በገፍ ይመረታል። ለኬክ እንጂ ለወጥ አይሆንም፤ ቁራጭ የለውማ።

ጃክ ቢ ሊትል፦ ሦስት ኢንች ያህል ስፋት ያላት ደቃቃ ዱባ። ልጆቹ ብዙ ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መስጠት «የእኔ ትንሽ ነው» ከሚለው ጭቅጭቅ ያድናል።

እርሻ ወይስ ግሮሰሪ

ሴንተርቪል ቨርጂኒያ ያለው ኮክስ ፋርምስና ጀርመንታውን ሜሪላንድ ያለው በትለርስ ኦርቻርድ ለዋሽንግተን አካባቢ ቤተሰብ የሚቀርቡ ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ የሚከፈለው ለዱባው ብቻ አይደለም፤ ለጋሪው፣ ለጭድ ክምሩ፣ ለልጆቹ መቦረቂያ ጭምር ነው። በኦክቶበር ቅዳሜና እሑድ ሰልፉ ረዥም ነው፣ ብዙ እርሻዎችም የቅዳሜና እሑድ መግቢያቸው ይወደዳል። ከሥራ ቀናት አንዱ ከሰዓት በኋላ ከተቻለ ግማሹ ድካም ይቀራል። ቦት ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዝናብ ባይኖር እንኳ የማሳው አፈር እርጥብ ነው። ሜዳ ላይ ተበትኖ የሚታይ ዱባ ሁሉ እዚያው በቅሏል ማለት አይደለም፤ ከሌላ ማሳ መጥቶ የሚበተንም አለ። ዋናው ጥቅሙ የዓይነት ብዛት ነው።

ግሮሰሪ ዋጋው ብዙ ጊዜ ሚዛን ሳይታይ በአንድ ዱባ ነው። ስለዚህ ከክምሩ ትልቁን የሚያነሳ ያተርፋል። ጉዳቱ ከካርቶኑ ሥር ያሉት የላይኞቹን ክብደት ተሸክመው መሰንበታቸው ነው። ላይ ያለውን ውሰዱ፤ ግዴታ ከሥር ማውጣት ካለባችሁ ቂጡን ሳታዩ አትክፈሉ።

ስለ ቀኑ፦ የሚቀባውንና ለደጃፍ ብቻ የሚሆነውን በኦክቶበር መጀመሪያ፣ የሚቀረጸውን ከ25 በኋላ ግዙ። የሚበላውን ደግሞ ኖቬምበር 1 ላይ ፈልጉ፤ ሃሎዊን ባለፈ ማግስት ብዙ ሱቅ የተረፈውን ዋጋ ይጥልበታል። ሲንደሬላና ጃራዴል የጌጥ ተብለው ከሌላው ጋር አብረው ሲረክሱ የሚያተርፈው ወጥ የሚሠራ ሰው ነው።

ከመክፈል በፊት

ጥፍራችሁን ቅርፊቱ ላይ ጫን አድርጉ። ከገባ ገና አልደረሰም፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ቀጥሎ በአውራ ጣት ሁለት ቦታ ተጫኑ፤ የጉቶውን ዙሪያና ከሥር ያለውን የአበባ ጠባሳ። ብስባሴ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከነዚህ ነው፤ እንደ ሳንቲም የምታህል ለስላሳ ቦታ ከሁለት ቀን በኋላ የጡጫ ያህል ትሆናለች። በአንድ ጎኑ ያለ የገረጣ ቢጫ ምልክት ግን በሽታ አይደለም፣ መሬት ላይ ተኝቶበት የነበረ ቦታ ነው። ፊቱን በሌላው ጎን ቅረጹ።

ጉቶው እጀታ ስለሚመስል ሰው ሁሉ በሱ ያነሳዋል። እጀታ አይደለም። ሲገነጠል የሚቀረው ቁስል ለሻጋታ በር ይከፍታል፤ ዱባውን ከሥር በሁለት እጅ ያዙ።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ክብደቱ ነው። ሁለት እኩል የሚያህሉ ዱባዎችን አንሡና አመዛዝኑ። የከበደው ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ለድስት እሱ ይሻላል። የቀለለው ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ለመቅረጽ እሱ ይሻላል፤ የሚፋቀው ያንሳል፣ መጋዙም አይታነቅም።

መቅረጽ

ልማዱ የመጣው ከአየርላንድ ነው፤ እዚያ የሚቀረጸው ቀይ ሥርና ድንች የመሰለ ጠንካራ የሥር አትክልት ነበር። ስደተኞቹ አሜሪካ ሲደርሱ ዱባን አገኙ፤ ትልቅ፣ ለስላሳ፣ ውስጡም ባዶ። የመጀመሪያውን ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደተለወጠ አይጠይቅም።

የተቀረጸ ዱባ ዕድሜው ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ነው። አየሩ ከ75 ፋራናይት በላይ ከሞቀ ሦስተኛውን ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ ኦክቶበር 29 ወይም 30 ቅረጹ። የሚያስፈልገው በሱቅ የሚሸጠው ትንሹ የዱባ መጋዝ፣ ጠንካራ የብረት ማንኪያ፣ ጋዜጣ፣ የንድፍ ወረቀትና ወስፌ ነው። የማድ ቤት ትልቅ ቢላ መክፈቻውን ለመቁረጥ ብቻ ይሁን፣ እሱንም አዋቂ ይያዘው። ቢላ ቅርፊቱ ውስጥ ይነክሳል፣ ለማውጣት ሲጎተት በድንገት ይለቃል፤ እጅ የሚቆረጠው ያኔ ነው። የመጋዙ ጥርስ ግን ደቃቅ ስለሆነ ቀስ እያለ ይሄዳል።

መክፈቻው ከላይ ነው ወይስ ከሥር? የባትሪ ሻማ ከሆነ ከሥር ክፈቱ፦ ጉቶው ሳይነካ ይቀራል፣ ውስጡ የሚያቀረው ውኃም ይወጣል፣ ዱባውን አንሥቶ መብራቱ ላይ መድፋት ብቻ ነው። እውነተኛ ሻማ ከሆነ ከላይ ይከፈት፤ ክብሪት የያዘ እጅ ከላይ ይግባ። ስፋቱ 5 ወይም 6 ኢንች ይሁን፣ የጡጫና የማንኪያ መግቢያ ይበቃል። ከላይ ሲቆረጥ ቢላውን ወደ መሐል አዘንብሉት፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ክዳን በማግስቱ ሲኮማተር ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከጀርባ በኩል አንዲት የቪ ቅርጽ ጥርስ አውጡለት፤ ክዳኑ በየትኛው በኩል እንደሚገጥም ትነግራችኋለች።

ፍሬውን ለብቻ አውጡ፣ ክር ክሩን ጠርጉ፣ ከዚያ ፊት የሚቀረጽበትን ግድግዳ ብቻ አንድ ኢንች እስኪቀረው ፋቁት። ከዚያ ከወፈረ መጋዙ ይጣመማል፣ ብርሃኑም በጠባብ ቀዳዳ አይወጣም። ከግማሽ ኢንች ከሳሳ ደግሞ በማግስቱ ጠውልጎ ይታጠፋል። ውፍረቱን ለማወቅ ከውጭ ወስፌ አስገቡና እስከምን እንደገባ እዩ።

ንድፉን በፕላስተር ለጥፉና በመስመሩ ላይ በወስፌ ነጠብጣብ ቀዳዳ አድርጉ፤ በመካከላቸው ሩብ ኢንች ያህል ይኑር። ወረቀቱ ሲነሳ ነጥቦቹ ካልታዩ ጥቂት ዱቄት አሹበት፣ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ከመሐልና ከደቃቁ ጀምሩ፤ ዓይንና አፍንጫ ቀድሞ፣ ትልቁ አፍ መጨረሻ። ትልቁ ከተቆረጠ በኋላ ግድግዳው ይደክማል፣ ደቃቁን ሲጫኑት ይሰነጠቃል። መጋዙ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ይሂድ። መታጠፊያ ሲደርስ አውጥቶ በአዲስ አቅጣጫ ማስገባት ነው፤ ውስጡ እያለ ቢጠመዘዝ ይሰበራል። ጥርስ ቢገነጠል በስንጥር ሰክቶ መመለስ ይቻላል።

ስም በፊደል ለመቅረጽ የሚያስብ ቤተሰብ አንድ ነገር ይወቅ። ዐ፣ ወ፣ መ፣ ቀ፣ ፀ መሐላቸው ዝግ ነው። ዙሪያውን ስትቆርጡት መሐሉም አብሮ ይወድቅና ትልቅ ቀዳዳ ይቀራል። እንደ ቤ እና ሌ ያሉት ኃምስ ፊደላትም ቀለበታቸው እንዲሁ ነው። መሐሉን ከዳሩ ጋር የሚያያዝ ሩብ ኢንች ድልድይ ከላይና ከታች ተዉ፤ ወይም ከነጭራሹ ሳይበሱ ቅርፊቱን ብቻ በስሱ ፋቁት፣ ብርሃኑ በሳሳው ሥጋ በኩል ቢጫ ሆኖ ይታያል። ሀ፣ ለ፣ በ፣ ነ ችግር የለባቸውም።

ዕድሜውን ለማስረዘም አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በአንድ ጋሎን ውኃ በጥብጡ፣ የተቆረጠውን ሁሉ ውስጡንም ጭምር አብሱበት፣ ገልብጣችሁ አድርቁ። ይህን ልጆች አይንኩት፤ ከኮምጣጤ ወይም ከአሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋርም በፍጹም አይቀላቀል። ከደረቀ በኋላ የተቆረጡትን ጠርዞች ቫዝሊን መቀባት ይጠቅማል፣ ውኃው እንዳይተን ይይዘዋል። ሻማ የሚበራበት ከሆነ ግን ቫዝሊኑን ተዉት፤ ከእሳት ጋር አይስማሙም። ጠውልጎ የተገኘ ዱባ ሌሊቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ትንሽ ያንሰራራል። ሻጋታ ከጀመረው ግን አታድክሙት።

ሻማና የባትሪ ሻማን ብናወዳድር፣ ደረጃ ላይ የልጆች ቀሚስና ካባ በሚያልፍበት ምሽት የባትሪውን እንመርጣለን። ነበልባሉ ራሱ የዱባውን ክዳን ያበስለዋል፣ በማግስቱ ይላሽቃል። ሻማ የግድ ከተባለ አጭሩን አድርጉ። ክዳኑን ዘግታችሁ ሁለት ደቂቃ አብሩትና ክዳኑ ውስጡ የጠቆረበትን ቦታ እዩ፤ የጢስ መውጫዋን አንድ ኢንች ቀዳዳ እዚያው ክፈቱ።

መቀባት

ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ላለው ቤት መልሱ መቀባት ነው፤ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ስለት የለም። ዱባው ስላልተበሳም ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ወር ይሻገራል።

ቀለሙ አክሪሊክ ይሁን። ትምህርት ቤት የሚያውቁት ቴምፐራ ቅርፊቱ ሰም ስላለው አይዘውም፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና እንደ ቅርፊት ይረግፋል። በውኃ የሚለቅ ማርከር ለሁለት ዓመት ልጅ ጥሩ ነው፣ ዝናብ እስካልነካው ድረስ ብቻ። ዱባውን በሳሙና ውኃ እጠቡ፣ ጨርሶ ይድረቅ፤ ጤዛ ያለበት ላይ የተቀባ ቀለም እንደ ላስቲክ ተላጦ ይነሳል። ብርቱካናማ ላይ ደብዛዛ ቀለም ከፈለጋችሁ ከሥር ነጭ ቀቡ፣ ግማሽ ሰዓት ይድረቅ፣ ከዚያ ሁለት ስስ ዙር። አንድ ወፍራም ዙር ይወርዳል፣ ውስጡም ሳይደርቅ ይቆያል።

ነጩ ሉሚና ላይ የጥለት ንድፍ ያምራል። ወገቡ ላይ ሁለት የወረቀት ፕላስተር በሁለት ኢንች ርቀት ዙሩበትና መሐሉን ሙሉት፤ መጀመሪያ የጀርባው ቀለም፣ ሲደርቅ በቀጭን ብሩሽ መስቀልና ሦስት ማዕዘኑ። ሸንተረሩ ጥልቅ የሆነ ዱባ ለዚህ አይሆንም፤ ፕላስተሩ ጎድጓዳው ላይ አይለጠፍም፣ ቀለሙ ከሥሩ ሾልኮ ጥለቱ ይበላሻል። ፕላስተሩን ቀለሙ ግማሽ ሲደርቅ አንሡት፤ ጨርሶ ከደረቀ አብሮ ቦጭቆት ይነሳል።

ስቲከር፣ ክርና ሪባን ቀላል ናቸው። አቃጥሎ የሚለጥፈው የሙጫ ጠመንጃ የአዋቂ ነው። ስፒልና ሚስማር መሰካት ከቀለም ጋር አንድ ይመስላል፣ አይደለም፤ እያንዳንዷ ቀዳዳ የሻጋታ በር ናት።

ዱባውን አረንጓዴና ሰማያዊ መሐል ባለው፣ ቲል በሚሉት ቀለም ከቀባችሁት ግን ትርጉም እንዳለው እወቁ። ፌር የተባለው የምግብ አለርጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ያስፋፋው ምልክት ነው፤ «እዚህ ቤት ከረሜላ ብቻ ሳይሆን የማይበላ ስጦታም አለ» ማለት ነው። እርሳስ ወይም ስቲከር አዘጋጁ።

የተቀባ ዱባ አይበላም፣ ኮምፖስት ላይም አይጣል።

ሳይነኩ መተው

ለዚህ የሚገባውን ያህል ክብር አይሰጠውም። ኦክቶበር 31 በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ ወርኃዊው የማርያም ቀን፣ ያውም በጽጌ ወቅት መሐል። የሃሎዊኑን ፊት ቤታቸው ማስገባት የማይፈልጉ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ዱባ ሲኖረው የነሱ ደጃፍ ባዶ መሆኑ ያሳስባቸዋል። ሲንደሬላ ከታች፣ ጃራዴል መሐል፣ ነጭ ሉሚና ከላይ አድርጎ መደርደር፣ ዙሪያውን የደረቀ የበቆሎ አገዳ ማቆም ሁለቱንም ያስታርቃል። ከመስቀል ጀምሮ እስከ ታንክስጊቪንግ ሊቆይም ይችላል፤ ያልተነካ ደህና ዱባ ከ50 እስከ 60 ፋራናይት ባለ ደረቅ ቦታ ሁለትና ሦስት ወር አይሞትም።

የሚገድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ከሥሩ እርጥበት ይጠራቀማል፤ ካርቶን ወይም ጣውላ አንጥፉለት። ውርጭ ከመታው በማግስቱ ሲቀልጥ ሥጋው ይፈርሳል፤ ማታ 32 ፋራናይት ከተባለ ወደ ቤት አስገቡት። ሦስተኛዋ ስኩዊረል ናት፤ እሷን የሚያስቆም አስተማማኝ ዘዴ የለም፣ በርበሬ ብትነሰንሱም አንድ ዝናብ ያጥበዋል።

ቅልስ? ጌጡ ለዓመታት እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ከዱባ ይልቅ የደረቀ ቅል ይግዛ። ሲወዘወዝ ውስጡ ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል። ቀለሙን እንደ እንጨት ይይዛል፣ አይበሰብስም፤ ዋጋው ከፍ ቢል አያስገርምም።

ወደ ድስት

የሚበላው ያልተቀረጸ፣ ያልተቀባና በረኪና ያልነካው ብቻ ነው። ተቀርጾ ደጅ ያደረ ዱባ ባይሸትም አይበላ።

ለአንድ ኪሎ የተላጠ ዱባ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ስኒ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይበቃል። ዱባውን በትልቁ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ክተፉት። ቁሌቱ ከተቁላላ በኋላ አንድ ስኒ ውኃ፣ ሲፈላ ዱባው፣ ከዚያ በመጠነኛ እሳት 15 ደቂቃ ያህል። ካቦቻ ፈጥኖ ይበስላል፣ በ12 ደቂቃ ሹካ አስገቡበት። በማንኪያ አታማስሉት፤ ድስቱን ያዝ አድርጎ መወዝወዝ ይሻላል፣ አለዚያ ገንፎ ይሆናል። ሹገር ፓይ ከሆነ ውኃውን በግማሽ ቀንሱ፣ የራሱን ያወጣል። የካቦቻ ቅርፊት ለመቁረጥ ካስቸገረ በሹካ ብዙ ቦታ ወግታችሁ ሦስት ደቂቃ ማይክሮዌቭ ውስጥ አድርጉት፣ ቢላውን ይቀበላል።

ፍሬው ግን ከማንኛውም የሚበላ ዱባ ይበላል፣ ሊቀረጽ ከተከፈተው ሃውደንም ጭምር፤ በረኪናው ሳይደርስ ከወጣ። አገር ቤት ጥሬው ለኮሶ ትል ሲበላ የኖረ ነው፤ እዚህ ቁርስ ነው። አንድ ስኒ ፍሬ በሁለት ስኒ ውኃና በአንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አሥር ደቂቃ ቀቅሉ፣ አጥልሉ፣ በጨርቅ አድርቁ። በ325 ፋራናይት ኦቨን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየአምስት ደቂቃው እያገላበጡ፤ ወይም ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት። ከውጭ ሳይጠቁር ውስጡ ሊያርር ይችላል፤ አንዷን ሰብራችሁ እዩ፣ ፍሬዋ ቡናማ ከሆነች አልፎባታል፣ ትመራለች።

ለዘር ለማስቀረት ለሚፈልግ ሰው፦ ፔፖ ከዙኪኒና ከጌጥ ዱባ ጋር በንብ ስለሚዳቀል ከእርሻ የመጣው ፍሬ የሚሰጠው እናቱን ላይመስል ይችላል፤ መራራም ሊወጣ ይችላል። ለመቅረጽ ከሆነ ምን ቸገረ። ያልተቀቀለውን አጥባችሁ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ሦስት ሳምንት አድርቁ፣ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ፤ ፕላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። ሃውደን ከተዘራ በኋላ አራት ወር ገደማ ይፈልጋል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላይ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ የተዘራ ለኦክቶበር ይደርሳል፤ ኤፕሪል ላይ የቸኮለ ግን ኦገስት ላይ ደርሶ ደጃፍ ላይ ሳይወጣ ይበሰብስበታል።